ግማሹ ብርሃን የት ይቀራል?

የአዲስ ቅዳም ገበሬ የብክነትን ሂሳብ ከከሰል ተምሯል። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ በየማሳው ሲተከል ቆይቷል፤ ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፣ ይቆረጣል፣ አፈር ለብሶ ይከስላል። ከእንጨቱ ብዙው ጭስ ሆኖ ይሄዳል፤ ጆንያ የሚገባው ትንሹ ነው። ይህን ገበሬው በዓይኑ ያየዋል። በኪሱ የያዘው ስልክም እንዲሁ እንደሚያባክንበት ግን ማን ነገረው?

ኤልሲዲ ስክሪን ያለው ስልክ ውስጡ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች አሉት። የእነሱ ብርሃን ሞገድ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ስክሪኑ ምስል የሚሠራው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን ነው። ስለዚህ ከኋላው የተለጠፈው ፖላራይዘር የሚባል ስስ ፕላስቲክ የቀረውን ይውጠዋል። ግማሹ ብርሃን ዓይን ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የሚጣለውን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

መብራት በጠፋ ቀን ይህ ተራ ነገር አይደለም። ባትሪው ከሚሰጠው ብርሃን ግማሹ ለማንም አይበራም።

መፍትሔው ከምንጩ ሊመጣ ይችላል። ሰማያዊ ኤልኢዲን የሠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። የዚህ ኤልኢዲ ዋና ነገር ጋሊየም ናይትራይድ የሚባል ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ በተለመደው ፊቱ ሳይሆን በጎኑ በኩል ሲያድግ፣ ከውስጡ የሚወጣው ብርሃን ገና ከመነሻው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። ያኔ ፖላራይዘሩ የሚውጠው ይቀንሳል። ችግሩ እንዲህ ያለው ክሪስታል ውድ ነው፤ በትልቁ ማግኘትም ያስቸግራል።

ታዲያ ይህ የጃፓንና የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ነው? አይደለም። የሞባይል ጠጋኞች ያንን ፕላስቲክ በእጃቸው ይነካሉ። የፊተኛው ሲላጥ ስክሪኑ ነጭ ብቻ ይሆናል፤ ምስሉ የጠፋ ይመስላል። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው ግን ምስሉን ያየዋል!

የፊዚክስ መምህር ለዚህ ትምህርት በጀት መጠበቅ የለበትም። መስታወቱ የተሰነጠቀ ግን የሚበራ አንድ ስልክና አንድ መነጽር ይበቃዋል። ምስሉን በመነጽር ያየ ተማሪ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይታወቃል፦ «ቀሪው ብርሃንስ?» ያንን ክሪስታል አንድ ቀን የሚያረክሰው ሰው የሚነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው።