ሰዓቱ የማን ነው?

የለንደን ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ይነፍሳል፤ አውሮፕላንም ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው የሚያርፈው። ሂትሮው ደግሞ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። እንግዲህ የሚያርፈው ሁሉ በሕዝቡ አናት ላይ እያጓራ ያልፋል። «ቴምዝ ከባሕር ወደሚገናኝበት ረግረግ ውሰዱት፤ ጩኸቱን ዓሣና ወፍ ይስማው!» የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው። ክፋት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1968 በዳኛው ሮስኪል የሚመራ ኮሚሲዮን ተቋቁሞ አራት ቦታዎችን በገንዘብ ሊመዝን ተነሣ። የባሕሩን ዳር ፋውልነስን ሚዛን ላይ የጣለው ምን ይመስላችኋል? መንገዱ! ከለንደን መሐል ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገደኛው በባቡርና በመኪና የሚያጠፋው ጊዜ በፓውንድ ተተመነ። የነጋዴው ሰዓት ከአገር ጎብኚው ሰዓት በለጠ። ሌላው ቦታ ከብሊንግተን ነበር። እዚያ አጠገብ ባለችው ስቱክሊ መንደር በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። «ይኼስ ስንት ያወጣል?» ሲባል በእሳት መድን ውሉ ላይ የሰፈረውን ዋጋ ለመውሰድ ታሰበ። አይ ሂሳብ! ስምንት መቶ ዓመት ሰው የተጠመቀበትና የተቀበረበት ቦታ!

በ1971 ኮሚሲዮኑ ከብሊንግተንን መረጠ። ከአባላቱ አንዱ፣ የከተማ ፕላን አዋቂው ኮሊን ቡካናን፣ ብቻውን «ፋውልነስ ይሁን» ብሎ ተለየ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት የእሱን ተቀበለ። በ1974 የመጣው አዲስ መንግሥት ግን ሰረዘው።

ነገሩ በዚህ አልሞተም። ከንቲባው ቦሪስ ጆንሰን እንደገና አነሣው፤ አርክቴክቱ ኖርማን ፎስተርም አይል ኦፍ ግሬን ላይ አራት መንደርደሪያና ፈጣን ባቡር ያለው ማረፊያ ነደፈ። (በ1944 እዚያው አካባቢ የሰመጠው የአሜሪካ መርከብ ወደ 1,400 ቶን ፈንጂ ታቅፎ ተኝቷል፤ ይኼን ልብ ወለድ ውስጥ ብጽፈው ማን ያምነኛል?) በ2014 በሃዋርድ ዴቪስ የሚመራው ኮሚሲዮን ይኼንንም ጣለው። ወጪው ከበደ፤ ወፎቹ አሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ሂትሮው መዘጋት ነበረበት፤ በዙሪያው ተጠግቶ የሚኖረው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ የት ይግባ?

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ዶርማችን ውስጥ ስለ ቢሾፍቱው አዲስ ማረፊያ ስንጨቃጨቅ ነው። ኢንጂነሪንግ የሚማረው ጓደኛችን፣ «ማረፊያ ከከተማ መራቅ አለበት፤ አለቀ! ባቡር ይዘረጋል» ይላል። ስለ ጩኸቱ እውነቱን ነው። እኔን ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በሮስኪል ሚዛን ላይ ከፍ ያለው ዋጋ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚበርረው ነጋዴ ወጣ፤ ማረፊያውን በየቀኑ የሚመላለስበት ግን ሻንጣ ጫኙና ወለል ጠራጊዋ ናቸው።

እናቴ ቦሌ ማረፊያ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ እስኪነጋ የምትጠብቀው ታክሲ የለም፤ በእግሯ ትደርሳለች። ቢሾፍቱ በእግር አይደረስም። ስለዚህ ባቡር ይመጣል ለሚለኝ ሁሉ ሁለት ጥያቄ አለኝ፦ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል ወይ? ቲኬቱስ በእሷ ደመወዝ ስንት ቀን ያስኬዳል?