በሯጮቹ አገር በብስክሌት

ከአዲስ አበባ እስከ በቆጂ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ማልዶ የተነሣ ሰው ምሳውን በቆጂ ይበላል። እኛ ሦስት ቀን ፈጀብን። «እኛ» ማለቴ 19 ብስክሌተኞች፣ አንድ ሚኒባስ፣ ዕቃ የጫነ አንድ አይሱዙና እኔ ነን። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ብስክሌት ላይ የምወጣበት ዕድሜ ካለፈ ቆይቷል። ሥራዬ የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳዬን ይዤ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከኋላ ከኋላ መከተል ነበር።

ነገሩን ያመጣው የልጅ ልጄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር አንድ ማታ መጥቶ «እማማ፣ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ በብስክሌት ልንሄድ ነው፤ ነርስ ግን አጣን» አለኝ። የት ድረስ ብለው «በአሰላ አድርገን እስከ በቆጂ» አለኝ። አሰላ የሚለውን ስሰማ ዝም አልኩ። ከትምህርት ቤት በዲፕሎማ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን የጀመርኩት እዚያ፣ ያኔ የአርሲ ክፍለ ሀገር በሚባለው፣ በአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። በ1976 ዓ.ም ተዛውሬ ከወጣሁ ወዲህ አንድም ቀን ተመልሼ አላውቅም። ለምን እንዳልተመለስኩ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። እያንዳንዱ ብስክሌተኛ ዘመድ ወዳጁን «ለምሄደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጣለህ?» እያለ ቃል ያስገባል። ደርሶ ሲመለስ ይሰበስባል። በውጭ አገር የተለመደ ነው፤ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ እድርና ዕቁብ ላደገ ሕዝብ መዋጮ ማን ያስተምረዋል? የእድራችን 14 እናቶች በኪሎ ሜትር 5 ብር ቃል ገቡ። አንዷ ጎረቤቴ ብቻ «እኔ እስከ አሰላ ነው የምከፍለው። የዚህ ልጅ እግር ከዚያ በላይ ይሄዳል ብዬ አላምንም» አለች። ጸሐፊያችን እየሳቀች እንደተባለው መዘገበችው።

ብስክሌት በአገራችን የልጆች መጫወቻ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በቀረበችበት በ1949ኙ የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከካይሮ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የሚደርሰው «ቱር ዳፍሪክ» የሚባለው የብስክሌት ጉዞም በአገራችን ያልፍ ነበር። የእኛ ከዚያ ጋር ሲተያይ የጎረቤት መንገድ ናት። ይሁንና ከ19ኙ ውስጥ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደው የሚያውቁት 6 ብቻ ነበሩ።

የተነሣነው በኅዳር ነው። የፍጥነት መንገዱ ብስክሌት ስለማያስገባ በድሮው መንገድ፣ በደብረ ዘይትና በሞጆ አድርገን አዳማ አደርን። ስለዚያ ቀን ብዙ የምለው የለኝም፤ ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ልጆቹ እየዘፈኑ ገቡ። ማታ «አሰላም እንዲህ ከሆነ ምን አለ» ሲሉ ሰምቼ ሳቄን ዋጥኩት።

በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ ተነሣን። ከአዳማ ወጥቶ እስከ አዋሽ መልካሳ መንገዱ ገር ነው። አዋሽን ከተሻገሩ በኋላ ግን ምድሩ ቀስ እያለ ይነሣል። ደራ ሙቀት ነው፤ ግራርና አቧራ። ኢተያ ሲደርሱ አየሩ ይለወጣል፤ ዓይን የማይጨርሰው የስንዴ ማሳ ይጀምራል። ጎንዴን አልፈው ቁሉምሳ፣ ከቁሉምሳ አሰላ። ከአዳማ እስከ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን 800 ሜትር ገደማ ይጨምራል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዳገቱን በጆሮው መደፈን ያውቀው ይሆናል። ብስክሌተኛው በጭኑና በሳንባው ያውቀዋል።

ደራን እንዳለፍን አንዲት ልጅ ከአህያ ለመሸሽ ስትል ጠጠር ላይ ወደቀች። ክርኗ ተላጠ። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዷን ጠይቄ አሰርኩላት። ከኢተያ በታች ሁለት ጎማ ፈነዳ። አንዱን ልጆቹ ራሳቸው ለጠፉት፤ ሁለተኛውን የመንገድ ዳር ጎሚስታ በአሥር ደቂቃ ሠርቶ፣ ለምን እንደምንሄድ ሲሰማ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ኮምባይነሮቹ የመንገዱን ግማሽ ይዘው እየተንገዳገዱ ያልፋሉ። የአጨዳ ጊዜ ነበር። በእኔ ዘመን ስለዚህ ስንዴ ሲነሣ «ካዱ» የማይል ገበሬ አልነበረም፤ ከስዊድን ጋር በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነው። የቁሉምሳው የምርምር ማዕከል ዛሬም በስንዴ ዝርያ የታወቀ ነው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ሕፃናቱን ነው። ወደ መንደር በተጠጋን ቁጥር ከየአጥሩ እየዘለሉ ወጥተው ከብስክሌቶቹ ጋር ይሮጣሉ። ከመነሣታችን በፊት «ድንጋይ ይወረውራሉ» ብለው ያስፈራሩን ነበሩ። አንድ ልጅ በእርግጥ ወረወረ፤ ሳያገኘን ቀረ። ከብት ይዘው የቆሙ ሽማግሌ ግን በጩኸት ጠርተውት፣ ጆሮውን ይዘው ይቅርታ አስባሉት። የቀሩት ሁሉ የሮጡት ለደስታቸው ነው። ባዶ እግራቸውን፣ በዳገት፣ ደብተር እንደያዙ። የልጅ ልጄ ማርሽ እየቀያየረ ሲያለከልክ አንዲት የ10 ዓመት ያህል ልጅ ከጎኑ እየሮጠች ስሙን ትጠይቀዋለች። መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ አልነበረውም።

ይህ የሯጮች አገር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ተወልዶ፣ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሄዶ፣ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ የተመለሰ ልጅ ነበር። ሲሮጥ ግራ እጁን የሚያጥፈው ደብተር ይይዝበት ስለነበር ነው ይባላል። እኔ ግን በዚያች ሚኒባስ መስኮት የሚሮጡትን ሳይ የማስበው መሮጥ ያቃታትን ልጅ ነበር።

አሰላ 9 ሰዓት ላይ ገባን። ጭላሎ በስተምሥራቅ፣ ራሱን በደመና ሸፍኖ ቆሟል። ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ቆላው ተዘርግቶ፣ የዝዋይ ሐይቅ እንደ ወደቀ መስተዋት ያብለጨልጫል። ማታ ብርዱ ጠንካራ ነበር። ልጆቹ ትኩስ ሾርባ ከበው ሲጫወቱ የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ «እማማ፣ እዚህ ሠርተሽ ሳለ ለምን አንድም ቀን አላመጣሽንም?» አለኝ። ለእናቱ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት።

በ1975 ዓ.ም፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት አያት የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው። «ነጋ? ፈያ?» ተባባልን፤ ሰላም ነው፣ ጤና ነው ማለት ነው። ልጅቱን ጉሮሮዋን አሟታል፤ ትኩሳት አላት፤ መዋጥ አቅቷታል። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። ፔኒሲሊን ጥቂት ነበረኝ፤ ለቁስልና ለሳንባ ምች እቆጥበው ነበር። ጉሮሮዋን ተመለከትኩና «በጨው ውኃ ትጉመጥመጥ፣ ያልፍላታል» ብዬ ሰደድኳቸው። ጉሮሮዋ በእርግጥ አለፈላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ ቁርጥማቱ ከጉልበቷ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ያኔ አላመጧትም። በዓመቱ ሲያመጧት እግሯ አብጧል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ማታ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ልቧን ሳዳምጥ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሆስፒታል ላክናት። ልቧ ግን ቀዶ ሕክምና ይሻ ነበር፤ ያኔ ለእንደ እሷ ያለ የገበሬ ልጅ የሚደረስበት አልነበረም። በክረምቱ ሞተች። አያቷ መጥተው ስለ ደከምኩላት አመሰገኑኝ፤ እንቁላልም አመጡልኝ። ያ ምስጋና ነው ከዚያ አገር ያባረረኝ።

የልጅ ልጄ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ጋቢውን ከራሱ ላይ አውርዶ አለበሰኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ይህን የምጽፈው ለወላጆችና ለአያቶች ስለሆነ ሳልሸፋፍን ልናገር። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኛው ከጉንፋን ጋር መጥቶ ከጉንፋን ጋር ይሄዳል፤ መድኃኒትም አይሻም። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ መዋጥ ሲያቅተው፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ሲወጣበት፣ ሳልና ንፍጥ ግን ሳይኖረው ሲቀር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከባክቴሪያ የመጣ ከሆነ በ9 ቀን ውስጥ የተጀመረ ፔኒሲሊን ልብን ከጉዳት ያድናል። ሳይታከም ከቀረ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያን እያዞረ የሚቆረጥም ሕመም ሊያስከትል፣ የልብን በሮችም ሊያበላሽ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ አያድንም፤ ደም ያፈሳል፣ ሌላ በሽታ ያስገባል። አንዴ ልቡ የተነካ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መውሰድ አለበት። ልጁ ደኅና መስሎ ቢታይም መርፌው አይቋረጥም።

ዛሬ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ። በእኔ ወጣትነት ሕልም የነበረው ቀዶ ሕክምና አገር ውስጥ ይሠራል። ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ልጆቹ ፔዳል የሚረግጡት ለዚህ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ወጣን። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገብሱ ገና ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ ያጌጡ ፈረሶች ሰው ጭነው በመንገዱ ዳር ይሰግራሉ። ከመካከሉ ላይ ሾፌሩን አቁምልኝ አልኩት። የድሮዋ ጤና ጣቢያዬ እዚያ ነበረች። ሁለት ክፍል ያላትን ቆርቆሮ ቤት ስፈልግ፣ በግንብ የታጠረ ግቢ አገኘሁ። ወጣቱ ነርስ ታሪኬን ሲሰማ «ግቢ ሲስተር» ብሎ መዝገቡን አሳየኝ። በየወሩ መርፌ የሚወስዱ 4 ልጆች አሉ። ከአራቱ አንዱ፣ ቤቱ ከወንዝ ማዶ ስለሆነ፣ በክረምት ሁለት ወር ቀርቶበታል። «ደወልን፣ አልተገኙም፤ በመጨረሻ የጤና ኤክስቴንሽኗ ሄዳ አመጣችው» አለኝ። እንዳልገኝ ሆኜ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እኔ ለዚያች ልጅ ቤቷ ድረስ የሚሄድ ሰው መላክ እችል ነበር። አላሰብኩትም።

በቆጂ ስንደርስ አሥራ ዘጠኙም ፔዳል ላይ ነበሩ፤ ክርኗ የተላጠው ልጅ እንኳ አልቀረችም። ስለዚህች ከተማ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ2000 ዓ.ም በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ5 ሺሕና የ10 ሺሕ ሜትር ወርቆችን፣ የወንዱንም የሴቱንም፣ አራቱንም ያመጡት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህ ናቸው። ከእነሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ በ1984፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ከዚሁ አካባቢ ወጥተዋል። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ብዙዎቹን ገና ተማሪ ሳሉ ያሠለጠነ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት ጫካው ዳር ታዳጊዎች ተሰልፈው ሲሮጡ አየን። የእኛዎቹ ጭናቸውን እያሹ በአክብሮት ተመለከቱ።

አዲስ አበባ ስንመለስ የእድሩ እናቶች እኔ ቤት ቡና ተጠራሩ። ጸሐፊያችን መዝገቧን ዘርግታ ሰበሰበች፤ አሥራ ሦስቱ 1,150 ብር፣ ያቺ ጎረቤቴ የ175 ኪሎ ሜትሯን 875 ብር። ከዚያ የልጅ ልጄን ወደ ራሷ ጠርታ «እግርህን አሳየኝ» አለችው። ሱሪውን ከፍ አድርጎ አሳያት። ቀሪውን 275 ብር ከመቀነቷ ፈትታ ቆጥራ ሰጠችና «ልጄ ትንሽ ሳለ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን አስቆርጬዋለሁ። ትናንት ልጁ ጉሮሮዬን አለኝ። የት ልውሰደው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቡናውን አቋርጠን ልጁን ለማየት ሄድን።