ገንዘቡ የሚሰጠው ለጥያቄው ነው

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች። እኛ ግን ሳንማር ለመጠምጠም ቸኩለን እንደነበር በዚህ ጽሑፍ ልንናዘዝ ወደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ጋዜጣ ከሚለጠፍበት ግድግዳ አጠገብ አንድ ማስታወቂያ አየን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወጪው የተሸፈነ የዶክትሬት ጥናት ዕድል መኖሩን ይገልጻል። ከአንድ መኝታ ክፍል የመጣን አራት ልጆች ከበን አነበብነው። የትምህርት ክፍያ፣ የወር መተዳደሪያ፣ የቤተ ሙከራና የመስክ ወጪ፣ ሁሉም አለ። «ኧረ ባካችሁ! እየተከፈላቸው ይማራሉ እኮ!» አልን። ገና ዲፕሎማ እንኳ አለመያዛችንን ረስተን፣ መምህርነትን እንደ መሸጋገሪያ ቆጥረን፣ አዲስ አበባ የምንከራየውን ቤት ማውራት ጀመርን።

ለካስ የሳይንስ መምህራችን ከኋላ ቆመው ይሰሙናል። «መምህር፣ ይህን ለማግኘት ምን ያስፈልጋል?» ብንላቸው፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ የጥናት ንድፍና የሚቀበል አማካሪ መሆኑን ነገሩን። ቀጥለውም፣ «ልጆች፣ ገንዘቡ የሚሰጠው ለሰውዬው አይምሰላችሁ፤ ለጥያቄው ነው። እናንተስ ጥያቄ አላችሁ?» አሉን። ዝም አልን።

ዕድሉም ቢሆን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1950 በኮሌጅነት ሲጀመር ዶክትሬት የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1978፣ ዶክትሬት ደግሞ በ1987 ተጀመረ። ከ2016 ወዲህም በዓለም ባንክ ገንዘብ የውኃ አያያዝ፣ የመድኃኒትና የባቡር የልህቀት ማዕከላት እዚያው ተቋቁመው፣ ከጎረቤት አገሮች ጭምር ተማሪ ተቀብለዋል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳን ግን ሌላ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን፣ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ የእኛ ጥርስ ለምን ቡናማ ሆነ? የእናንተ ነጭ ነው» ብሎ ጠይቆ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከእኛ አንዱ ከሰሌዳው ፊት ቆሟል፤ ሌሎቻችን ከኋላ ተቀምጠናል። «ከትምህርቱ አትውጣ፤ ቁጭ በል!» አልነው። ልጁ አፉን በእጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም።

በማግሥቱ መምህራችንን ጠየቅናቸው። ነገሩ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ይበላሻል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ፍሎራይዱን ከውኃው በምን ዘዴ ማውጣት እንደሚቻል የዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ሲያጠኑ ኖረዋል። እንግዲህ ገንዘብ የሚመደብለት ጥያቄ የዚያ ልጅ ዓይነቱ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ቁጭ አደረግነው።

ልምምዱ አልቋልና መልሱን አላደረስንለትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል። ለሚቀጥለው ልምምድ አራታችን አዋጥተን አንድ ደብተር ገዝተናል፤ መልሱን የማናውቀውን የልጆች ጥያቄ እንጽፍበታለን፣ ጠይቀንም እንመልሳለን። የዶክትሬቱ ዕድል ለእኛ ይደርስ እንደሆነ አናውቅም። ከምናስተምራቸው ልጆች ለአንዱ ግን ሊደርስ ይችላል፤ እጁን እንዳወጣ ከተውነው።

እናንተስ፣ ጓደኞች፣ በልምምድ ጊዜ «ቁጭ በል» ያላችሁት ልጅ የለም?