የጣልያኑ የብረት ቆብ

ዳውንታውን ኦክላንድ ባለው አፓርታማችን በረንዳ ላይ እናቴ ጤና አዳም ተክላለች። የተከለችው በአሮጌ የብረት ቆብ ውስጥ ነው። ቆቡን ከአዲስ አበባ በሻንጣዋ ይዛው መጣች። «አባባ ከጣልያን የማረኩት ነው» ትለናለች። እኛም ሳንጠይቅ አምነን አደግን።

ዘንድሮ ዝናቡ በዛና ተክሉ ከሥሩ በሰበሰ። ልጄ «ውሃው ለምንድን ነው የማይፈሰው?» አለችኝ። አፈሩን ገልብጠን ቆቡን አጠብነው። አንድም ቀዳዳ የለውም።

ቅዳሜ 14ኛው መንገድ ላይ ወዳለው ዋናው ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ስለ ወታደር ልብስና ትጥቅ የሚናገር መጽሐፍ አገላበጥን። ኤም 33 የሚባለው የጣልያን ቆብ ሦስት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አሉት። የእኛ ግን ቁርጥ የአሜሪካው ኤም 1 ነው። ኤም 1 ድርብ ነው፤ ከላይ ብረት፣ ከውስጥ ቀላል ቆብ። የእኛ የውስጡ ጠፍቷል። የአገጭ ማሰሪያው ቀለበት ይታጠፋል፤ እንዲህ ዓይነቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ጣልያን ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሸነፈው በ1941 ነው።

ለእማዬ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ የሻይ ስኒዋን አስቀምጣ «አባባ ኮሪያ ዘምተዋል» አለች።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በ1951 ነው። ስሙ የተወሰደው ከራስ መኮንን የጦር ፈረስ ነው። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለተሰለፈ ትጥቁም አሜሪካዊ ነበር። በጦርነቱ 121 ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ የተማረከ ግን አልነበረም።

«ታዲያ ለምን ጣልያን አልሽን?»

«ደርግ ሲመጣ ሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነች። እሷን የወጉ ሰዎች ስለ ዘመቻው ማውራት ፈሩ። እናቴም ‹ለጠየቃችሁ ሁሉ የጣልያን ነው በሉ› አለችን። ደርግ ወደቀ፤ አፌ ግን እንደለመደው ቀረ።»

ልጄ «በቆቡ ምን ያደርጉበት ነበር?» አለቻት።

«ከጥይት ፍንጣሪ ይጠብቃቸው ነበር። ደግሞ የውስጡን አውጥተው፣ ውሃ ቀድተው፣ ጢማቸውን ይላጩበት ነበር።» እማዬ ሳቀች። ስለ አባቷ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

አሁን ጤና አዳሙ በሸክላ ውስጥ ነው። ቆቡ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ልጄ በአማርኛ «የቅድመ አያቴ ቆብ፤ ኮሪያ» ብላ ወረቀት ጽፋ አጠገቡ አኖረች።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «‹ቃኘው› የሚለውንም ጨምሪበት» አለች።