የአባያንግ ደቀ መዝሙር

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. ሂራም ቢንጋም የተባለው ወጣት ሰባኪ ከባለቤቱ ከክላራ ጋር ዛሬ ኪሪባቲ በሚባለው አገር ወደምትገኘው ወደ አባያንግ ደሴት በመርከብ ሲደርስ፣ ዕድሜው ገና 26 ነበረ፤ የሕዝቡም ልሳን በጽሕፈት ላይ ያልዋለ ስለ ነበረ፣ ሊያስተምር የመጣው መምህር አስቀድሞ ደቀ መዝሙር መሆን ግድ ሆነበት። ደሴቲቱ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ ያላለች፣ ወንዝም ተራራም የሌላት የኮራል ምድር ናት፤ ነዋሪዎቿ ከአሸዋው በታች ያለው ጨው አልባ ውኃ እስኪገኝ ድረስ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በዚያ ውስጥ ጎደሬ የሚመስል ተክል በቅጠልና በአፈር እያዳበሩ ያሳድጋሉ። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ነው እንግዳው በጆሮው የሰማውን በላቲን ፊደል እየመዘገበ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን መተርጐም የጀመረው።

ደዌ ጸንቶበት ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሆኖሉሉ ቢመለስም፣ የኪሪባቲን ተወላጆች ረዳት አድርጎ ሥራውን ስለ ቀጠለ፣ የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ በ1890 ተፈጸመ፤ ይኸውም ደሴቲቱን ከረገጠ ከ33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መዝገበ ቃላቱም በዕረፍቱ ዓመት በ1908 ታተመ።

ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው በማቹ ፒቹ ፍርስራሽ የታወቀውን ሞክሼ ልጁን ነው፤ በእኔ ፍርድ ግን የአባትየው ድካም ይበልጣል። ክላራም በዚያው ልሳን ለሕዝቡ ጽፋለችና፣ ረዳቶቹም አብረውት ደክመዋልና፣ ምስጋናው ለእርሱ ብቻ ሊሰጥ አይገባም።