ውሻን ወዴት እናንሸራሽረው?

በአገራችን ልማድ የውሻ ስፍራ የግቢ በር ነው። ቀን ታስሮ፥ ሌሊት ተፈትቶ ቤቱን ይጠብቃል፤ የተረፈውንም በልቶ ያድራል። ውሻን በገመድ ይዞ ማንሸራሸር የፈረንጅ ሥራ ሆኖ ስለ ቆየ፥ ይህን ርእስ ያየ አንባቢ ፈገግ ቢል አንቀየምም። ነገር ግን ጦብያ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ውሻው አብሮ እንደ ተከተለው በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ውሻ ከሰው ጋር መንገድ መሄዱ እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛን ወደዚህ ልማድ ያስገባን የልጃችን ደኅንነት ነው። አንድ ዘመዳችን ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት ሲዛወር ግቢ ስላልነበረው ውሻውን መከታን ለእኛ ሰጠን። መከታ ብዙ ዓመት ከሁለት ክንድ በማይረዝም ሰንሰለት ታስሮ የኖረ ነበር። እንዲህ ያለ ውሻ ዘወትር የሚያየው በበሩ ሥር የሚያልፈውን እግር ብቻ ስለ ሆነ፥ ያልለመደውን ሁሉ ጠላት ያደርገዋል። ታናሹ ልጃችን ሲሮጥ ባየ ቍጥር ጥርሱን ይገልጥ ነበርና፥ ወይ እናርቀው ወይ እናለምደው በሚል ምክር ላይ ደረስን። ከዚያ ጀምሮ ዕለት ዕለት ማለዳ ይዘነው ወጣን። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ልጁ በአጠገቡ ሲያልፍ ራሱን እንኳ ሳያነሣ ይተኛ ጀመር።

በአዲስ አበባ ለዚህ የተመቸው በሰሜን በኩል ያለው ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጡት የእግር መንገዶች በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋሉ። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ሲሆን፥ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ስለሚያለሰልሰው ለውሻ እግር ከአስፋልት ይሻላል። ጅብ ሌሊት ከደኑ ስለሚወርድ፥ ከመውጣታችን በፊት ሰማዩ ደኅና አድርጎ እስኪነጋ እንቈያለን። ዳገቱ ከፍ እያለ ሲሄድ አየሩ ይሳሳል፤ ያልለመደ ሰው ከውሻው ቀድሞ ይደክማል።

ነገር ግን መንገዱ አስቀድሞ ባለቤቶች አሉት። ማለዳ ሯጮች ይወጣሉ። ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ደግሞ ከሸክማቸው የተነሣ አጎንብሰው ስለሚሄዱ ቀና ብለው ለማየትም፥ ፈጥነው ለመሸሽም አይችሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙም አሉ። እኛ ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥረን ከመንገዱ ወጥተን እንቆማለን፤ ውሻ የያዘ ሰው መንገድ ይለቅቅ እንጂ መንገድ አያስለቅቅ የሚል አቋም አለን። አንድ ቀን ከኪዳን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ከሩቅ ቆመው አዩን። «እማማ፥ ይለፉ፤ ይዘነዋል» ብንላቸው፥ «እናንተን ነው እንጂ እርሱን ማን ያዘው? ውሻው ጌታ፥ እናንተ ሎሌ ሆናችሁ እኮ ልጆቼ!» ብለው እየሳቁ አለፉ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት ወደ እንጦጦ ማርያም ስንደርስ፥ ውሻ ወደ ቅጽሩ አይጠጋምና አንዳችን ከደጁ ርቀን ከመከታ ጋር እንቆያለን፤ ሌላው ተሳልሞ ይመለሳል። ከዚያም ተራ እንለዋወጣለን።

በምሥራቅ የየካ ተራራ አለ፤ መንገዱ ይከብዳል፥ ሰው ግን ያንሳል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ስለ ተከፈቱት እንደ እንጦጦና ወዳጅነት ስላሉት መናፈሻዎች፥ ውሻ ይገባ እንደ ሆነ በር ጠባቂውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቢፈቀድም እንኳ፥ ሕፃናት በሚንከባለሉበት ሣር ላይ ውሻ መልቀቅ ለእኛ ደስ አይለንም።

የሚንሸራሸር ውሻ ባለቤት ከሌላቸው ውሾች ጋር መገናኘቱ አይቀርምና፥ ያለ ክትባት ከበር ባይወጣ ይሻላል። ክትባቱም በየዓመቱ ይታደሳል። የሰፈር ውሾች ሲከቡን ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መወርወር አያሻም። የእብድ ውሻ በሽታ ግን እንዲህ በዘዴ የሚመለስ አይደለም፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በየሰፈሩ የሥር መድኃኒት እንሰጣለን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በእነርሱ ዘንድ የሚባክነው ቀን የልጅን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ወደ ጸበል የሚሄድም ቢሆን ክትባቱን ወስዶ ይሂድ፤ ጸበል ሐኪምን አይከለክልምና።

ከከተማ ወጥተው ውሻቸውን ወደ ዱር ለመውሰድ የሚያስቡም አሉ። በመናገሻ ሱባ ደን ድኩላና ጉሬዛ ስለሚኖሩ፥ ውሻ አስከትሎ መግባት አውሬውን ማወክ ነው። የባሌ ተራሮች ነገር ከዚህ ይብሳል። በአገራችን እንጂ በሌላ ዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ጠቅላላ ቍጥሩ 500 ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ ይገመታል። በ1984 ዓ.ም. ግድም፥ ኋላም በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ባሌ ቀበሮዎች ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በሽታውን የሚያደርስባቸው ከሰው ጋር የሚኖረው ውሻ ነው። በዚያ አካባቢ ውሾችን መከተብ ቀበሮውን ለማዳን ከሚደረጉት ሥራዎች አንዱ የሆነውም ስለዚህ ነው። እኛም ለጥየቃ ወደዚያ ስንሄድ መከታን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን፥ የማለዳ መንገዱንም ለጎረቤታችን ልጅ አሳይተን እንሄዳለን።