ከአንደኛው ጋር

ቅዳሜ፣ ግንቦት 19 (ሜይ 27፣ 2023)

ደመና። ለግንቦት መጨረሻ ቀዝቀዝ ያለ ቀን።

ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለሁ ልጄ ደወለች። "አባዬ፣ ወሰድነው!" ከዚያ በኋላ ያለችው አልተሰማኝም። ጩኸት ብቻ። ድምፅዋ ተዘግቷል።

የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ቤዝቦል ቡድን የአትላንቲክ ቴን ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆነ። ታይሰንስ፣ ካፒታል ዋን ፓርክ፣ እዚሁ ደጃችን ላይ። ከ2014 ወዲህ ገና አሁን። ሻምፒዮን የሆነ በቀጥታ ብሔራዊው ውድድር ውስጥ ይገባል፤ የማንም ይሁንታ አያስፈልገውም። ከ64ቱ አንዱ ሜሰን ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የጫንኩት ሰውዬ ወደ ሬስተን ነበር። ቤዝቦል ይወድ እንደሆነ ጠየቅኩት። ፉትቦል ነው የምወደው አለኝ። ቢሆንም ነገርኩት። ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 20

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ትልልቆቹ ስለ ግንቦት 20 ሲከራከሩ ቆዩ። ዘንድሮም አልተስማሙም። እኔ ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር።

ማታ የብሔራዊው ውድድር አስተናጋጆች ታወቁ። 16 ቦታ፣ በየቦታው አራት ቡድን። ሁለቴ የተሸነፈ ይሰናበታል፣ ከየቦታው አንድ ይተርፋል። 16ቱ እርስ በርስ ተጋጥመው 8 ይቀራሉ፣ 8ቱ ኦማሃ ይሄዳሉ። ከ1950 ጀምሮ ፍጻሜው ኦማሃ፣ ነብራስካ ነው። ሜሪላንድ ዛሬ እዚያው ኦማሃ ላይ የቢግ ቴንን ዋንጫ ወሰደ።

ሜሰንን የት ይልኩት ይሆን? ከትንሽ ኮንፈረንስ የመጣ ብዙውን ጊዜ አራተኛ ሆኖ ነው የሚመደበው። አራተኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚገጥመው አስተናጋጁን፣ አንደኛውን። ይህ የታወቀ ነው። ሻርለትስቪል ቢሆን ደስ ይለኛል። ቅርብ ነው፣ ልጄም ማታውኑ ትመለሳለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 21

ሜሞሪያል ዴይ። ሥራ አልወጣሁም። እኩለ ቀን ላይ ሦስታችንም ቴሌቪዥኑ ፊት።

ሜሰን የተመደበው ዊንስተን-ሴለም። አስተናጋጁ ዌክ ፎረስት።

የዚያ ምድብ አንደኛ ብቻ አይደለም። የ64ቱም አንደኛ ነው። 47 አሸንፎ 10 ተሸንፏል።

ባለቤቴ "ጥሩ ነው መጥፎ?" አለች። ልጄና እኔ ተያየን። ማናችንም አልመለስንላትም። ቡናው ገነፈለ።

የቀሩት ሁለቱ ሜሪላንድና ኖርዝኢስተርን ናቸው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ጓደኛዬ አፍታም አልቆየ፣ ደወለ። ልጁ የሜሪላንድ ተማሪ ነው፣ ኮሌጅ ፓርክ። "እናንተ አድክሙልን፣ እኛ እንጨርሰዋለን" አለኝ። እየሳቀ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ቅር አለኝ። ለሌላ አድካሚ ሆኖ መላክ! ልጆቹ ይህን ቢሰሙ ምን ይሰማቸዋል?

ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ፈርቻለሁ። የሚያስፈራኝ መሸነፉ አይደለም። በመጀመሪያው ኢኒንግ አልቆላቸው፣ የቀረውን ስምንት ኢኒንግ በሰው ሜዳ ቆመው መጨረሳቸው ነው። እግር ኳስ ቢሆን 90 ደቂቃ አለ፣ ሰዓቱ ያድናል። ቤዝቦል ሰዓት የለውም። 27 ሰው ካላስወጣህ ወደ ቤትህ አትሄድም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 22

ስለ ዌክ ፎረስት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ዋልኩ። ባላነብ ይሻል ነበር ይሆን?

ሬት ላውደር። የኮንፈረንሳቸው የኤሲሲ የዓመቱ ምርጥ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)፣ አምናም እሱ፣ ዘንድሮም እሱ። ከእሱ ኋላ ጆሽ ሃርትል፣ ሾን ሰሊቫን። ሌላ ቡድን ቢሆኑ እያንዳንዳቸው የመጀመሪያው ፒቸር ይሆኑ ነበር። ከአገሩ የኮሌጅ ቡድን ሁሉ በአማካይ ትንሹን ነጥብ የሚሰጥ ቡድን ነው። መቺዎቹስ? ብሮክ ዊልከን፣ ኒክ ከርትስ። ሁለቱም ኳሷን ከአጥር ውጭ መላክ የለመዱ።

የፒቸር ላቦራቶሪም አላቸው። ልጁ ሲወረውር ዙሪያውን የተደረደሩ ካሜራዎች የክንዱን፣ የትከሻውን፣ የዳሌውን እንቅስቃሴ ይለካሉ። የት ጋ ጉልበት እንደሚባክን፣ የት ጋ ክንድ እንደሚጎዳ ያሳየዋል።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። በዘንድሮው ሕግ ለሜሰንም ለዌክ ፎረስትም የተፈቀደው ስኮላርሺፕ እኩል ነው። 11.7። አሥራ ሁለት እንኳ አልሞላም። ያንን ቆራርሰው ለብዙ ልጅ ያካፍሉታል። ብዙው ልጅ ቀሪውን ከቤተሰቡ ኪስ እየከፈለ ነው የሚጫወተው፣ እዚያም እዚህም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሜዳው፣ ከመሣሪያው፣ ከስሙ ነው። ይህ አጽናናኝ ወይስ አናደደኝ? ገና አልለየልኝም።

ዋንጫውንማ ዌክ ፎረስት አንዴ ብቻ ነው የወሰደው፣ በ1955። ያኔ ትምህርት ቤቱ ዊንስተን-ሴለም እንኳ አልገባም ነበር። በ1956 ነው ከራሊ አጠገብ ካለችው ከዌክ ፎረስት ከተማ ነቅሎ የመጣው። የትምባሆው የሬይኖልድስ ቤተሰብ ገንዘብ ነው ያመጣው።

ከሥራ ስመለስ በሜሰን ሜዳ፣ በስፑለር ፊልድ በኩል ዞርኩ። አጥሩ ጥግ አንድ ፒቸርና አንድ ካቸር ብቻ ነበሩ። ፒቸሩ ረጅም ነው፣ ፂሙ ገና ያልጠነከረ። ከመወርወሩ በፊት ሁለት ጣቱን ኳሷ ስፌት ላይ ያንሸራትታል፣ ቀዩን ክር ፈልጎ እስኪያገኝ። ከዚያ ትከሻው ይወርዳል። ካቸሩ ጓንቲ ውስጥ ስትገባ ጧ! ትላለች፣ ደረቅ ድምፅ። ጓንቲው አንድ ጣት አልተንቀሳቀሰም። በተጠየቀበት ቦታ ነው የሰጠው። ደግሞ ወረወረ። እዚያው። አርብ ዌክ ፎረስት ላይ የሚወረውረው እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ቆሜ ሳይ አላየኝም። ጥሩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 23

በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም አይጾምም። ደለስ ሰልፍ ላይ አንዱ ጥብስ በፎይል ጠቅልሎ አምጥቶ ኮፈን ላይ ዘርግተን በላን። ፀሐይ ወጣች።

ክርክሩ እዚያ ተነሣ። ምርጡን ፒቸር አርብ ዌክ ፎረስት ላይ ያውጡት ወይስ ለቅዳሜ ያቆዩት? አርብ አውጥተውት ቢሸነፉ፣ ቅዳሜ የሞት ሽረቱን ጨዋታ የሚጫወቱት በሁለተኛው ልጅ ነው። ካቆዩት ደግሞ አርብን ሳይጫወቱ ሰጡ ማለት ነው። መቶ ኳስ የወረወረ ክንድ ቀናት ዕረፍት ይፈልጋል፣ በዚህ ውድድር ደግሞ ቀን የለም።

ጋሼ፣ የዋሽንግተኑን ቤዝቦል ቡድን ናሽናልስን በሬዲዮ ሲያዳምጥ የኖረው፣ "ለአንደኛው አንደኛህን ነው የምታወጣው" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወጣቱ ሹፌር አልተቀበለም። "ሒሳብ ነው እኮ ጋሼ። ከዌክ ጋር ከአሥር አንዴ ብታሸንፍ ነው። ከሜሪላንድ ወይ ከኖርዝኢስተርን ጋር ግን ተስፋ አለህ። ያለህን አንድ ጥይት ተስፋ ያለበት ላይ ነው የምትተኩሰው።" ትክክል ይመስላል። ጋሼም ትክክል ይመስላል። ስወዛወዝ ዋልኩ።

የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲን አሰብኩ። በ2012 አራተኛ ሆኖ ገብቶ ምድቡን አሸነፈ፣ ከዚያ ባተን ሩዥ ድረስ ሄዶ ኤልኤስዩን በገዛ ሜዳው አሸንፎ ኦማሃ ገባ። ፍሬስኖ ስቴት በ2008 አራተኛ ሆኖ ገብቶ ዋንጫውን ይዞ ተመለሰ። አምና አንደኛው ቴነሲ ነበር። ኖተር ዳም ኖክስቪል ላይ አሰናበተው። 64 ቡድን መጫወት ከጀመረበት ከ1999 እስከ አምና አንደኛ ተብሎ ገብቶ ዋንጫውን የወሰደ ማያሚ ብቻ ነበር፣ ያውም በዚያው በመጀመሪያው ዓመት።

ይህን ሁሉ ጽፌ ሳነበው ልቤ ሞቀ። ግን አንደኛው ቢወድቅም ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚወድቀው። በመጀመሪያው አርብ፣ በአራተኛው እጅ? ያ ሌላ ነገር ነው።

ማታ ልጄ ስለ 2006 ጠየቀችኝ። ቅርጫት ኳሱን። እሷ ያኔ ሕፃን ነበረች። ሜሰን 11ኛ፣ ኮኔቲከት አንደኛ፣ ዲሲ ላይ፣ በተጨማሪ ሰዓት ሜሰን 86 ለ 84 አሸነፈ። ሚሺጋን ስቴትንና ኖርዝ ካሮላይናንም ጥለው ነው እዚያ የደረሱት። ያን ሰሞን መኪናዬ ውስጥ የገባ ሁሉ፣ ሜሰንን አይቶት የማያውቀውም፣ ስለ ሜሰን ነበር የሚያወራው። "ተማሪው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር" አልኳት። "አንተስ?" አለችኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 24

ሞቀ። መስኮቱን ከፍተን አደርን።

ዌክ ፎረስትን ጠላት ላደርገው ፈልጌ ነበር፣ አሠልጣኙ አላስቻለኝም። ቶም ዋልተር። ኬቨን ጆርዳን የሚባል አዲስ ልጅ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወትለት ኩላሊቱ ደከመ። ከቤተሰቡ የሚሆን አልተገኘም። አሠልጣኙ ተመረመረ፣ ገጠመ። በ2011 የራሱን አንድ ኩላሊት ሰጠው። አትላንታ፣ ኤመሪ ሆስፒታል። ለባለቤቴ ስነግራት እጅዋን አፏ ላይ አደረገች። "ታዲያ እሱ ቢያሸንፍ ምን አለበት?" አለችኝ። አለበት። ሰውየውን አከብረዋለሁ። እንዲሸነፍ ግን እፈልጋለሁ። ሁለቱ ለምን አብረው አይኖሩም?

የሜሰኑ አሠልጣኝ ሾን ካምፕ የፌርፋክስ ልጅ ነው። ሜሰን ተጫውቶ፣ ሜጀር ሊግ ገብቶ፣ ለዓመታት ከጨዋታው መሀል እየተጠራ የወረወረ ሰው። ይህ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ከእሱ በፊት ቢል ብራውን 41 ዓመት አሠልጥኗል። የፒቸሩን ጉዳይ የሚወስነው እንግዲህ ራሱ ፒቸር የነበረ ነው። ክንድ ሲደክም ምን እንደሚል ያውቃል። ይህን ሳስብ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ልጄ ነገ ከጓደኞቿ ጋር ትሄዳለች። አምስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በ29 ቁጥር ሂዱ አልኳት። እዚሁ ፌርፋክስ ውስጥ ገብታችሁ ቀጥ፣ ሻርለትስቪል፣ ሊንችበርግ፣ ዳንቪል፣ ግሪንስቦሮ። ሀይዌይ 81 የጭነት መኪና ይበዛበታል። "አባዬ፣ ስልኩ ይነግረናል" አለች። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችላት። አረንጓዴዋን ቲሸርት ሁለቴ አጠበች።

እኔ አልሄድም። አርብ የኤርፖርት ቀን ነው። በስልክ አየዋለሁ፣ ሰልፉ ከፈቀደ።

አርብ፣ ግንቦት 25 (ጁን 2)

ሌሊቱን ተነሥታ ሄደች። በሩን ስትዘጋ ሰማሁ።

ግምቴን አሁን ልጻፍ፣ ከጨዋታው በኋላ እንዳላሳምረው። ዌክ ፎረስት ያሸንፋል። ፒቸሮቹ ብዙ ናቸው፣ ሜዳው የእሱ ነው፣ ከስድስተኛው ኢኒንግ በኋላ የሚያወጣው ልጅ ከመጀመሪያው አያንስም። ሜሰን እስከ አምስተኛው ኢኒንግ በአንድ ወይ በሁለት ነጥብ ተጠግቶ ከቆየ ግን ሌላ ጨዋታ ይሆናል። የብረቱ ዱላ ድምፅ አንዴ በእኛ በኩል ከተሰማ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ይላል። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫውን ሲወስድ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር። የሰው ሜዳ ያስፈራል እንጂ አይወስንም።

መቺ ከአሥር ሦስቱን ከመታ ጎበዝ ይባላል። ዊልከንም ከርትስም ብዙውን ጊዜ ይስታሉ። አንድ ልጅ ጣቱ ስፌቷን ካገኘች፣ ጓንቲው ካልተንቀሳቀሰ፣ ለአንድ ቀን ማንንም ያስቆማል። ለአንድ ቀን ብቻ። ችግሩም ተስፋውም ይኸው ነው።

ወጣቱ ሹፌር ሒሳቡን አልሳተም። ግን እነዚህ ልጆች ከ2014 ወዲህ ማንም የሜሰን ቡድን ያልደረሰበት ደርሰው፣ ከአገሩ አንደኛ ጋር ሊቆሙ ነው፤ ሰውም ሌሊቱን እየነዳ እየተከተላቸው ነው። አርብን ቀድሞ መስጠት አይገባቸውም። ለተከተሏቸውም አይገባም።

ጋሼ ልክ ነው። ምርጡ ፒቸር ዛሬ ይውጣ።